ሲንኬና የእናቴ አመድ

ቱቦ መፍታት የተማርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያውም ጥርሴን ነክሼ፣ እየተራገምኩ። የምራገመው እናቴን ነበር። እናቴ ግን ቤቴን ለቀው ከወጡ ስድስት ወር አልፏል፤ በሌሉበት ነው እንግዲህ አመዳቸውን የማወግዘው። እንዲህ ያለች ልጅ ናት የወለዱት፣ ምን ይደረግ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ዘመሮ ከተማ ላይ ቤት ስሠራ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ሲንክ ማስገባት ነበር። ሌላው ሰው በር ይመርጣል፣ ቀለም ይመርጣል፤ የእኔ ዐይን ሲንክ ላይ ነው። በወረዳ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ሆኜ ሃያ ዓመት ስሠራ፣ በተከራየሁበት ቤት ሁሉ ዕቃ ያጠብኩት ደጅ ቁጢጥ ብዬ ነው፣ በዚያ ጣት በሚቆርጥ የመንዝ ውርጭ። ስለዚህ ቤቱ ሲያልቅ የሚያብረቀርቅ ሲንክ ተገጠመ። ቱቦው ከሲንኩ ሥር በግድግዳው ይወጣና በግቢው መሬት ውስጥ አልፎ አጥሩ ጥግ ያስቆፈርኩት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ቢሆንም በመጣ ቀን ቧንቧውን ከፍቼ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ ሳጥብ ንግሥት ነኝ። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አየው። "ታድለሽ!" አሉኝ። አዎ፣ ታድዬ ሞቻለሁ።

ባልም ልጅም የለኝም። ያሉኝ እናቴ ብቻ ናቸው። አባቴ ቄስ ነበሩ፤ ሊሞቱ ሲሉ እጄን ይዘው "እናትሽ በስተርጅና ብቻዋን እንዳትቀር" አሉኝ፣ እኔም "እሺ አባቴ" አልኩ። እናቴ የአባቴ ተዝካር እንደወጣ መነኮሱ፣ ቆብ ደፉ። ከዚያ ወዲህ ሥጋ ቢሉ ቅቤ፣ ወተት ቢሉ እንቁላል በአፋቸው አልዞረም። ጎረቤት "እማሆይ" ይላቸዋል፣ እኔ "እማዬ"። ገጠር ብቻቸውን ዐሥር ዓመት ተቀመጡ። ይምጡ ወደ ከተማ ብላቸው እሺ የሚሉ ሴት አልነበሩም። በኋላ አንድ ዓመት መስቀል ማግስት ከምንጭ ውሃ ይዘው ሲመለሱ ወደቁና ዳሌያቸውን ተመቱ። ሄጄ ለመንኩ፣ አለቀስኩ፣ በፈረስ አስቀምጬ ቤቴ አመጣኋቸው። በጎቻቸውን ለዘመድ ሰጡ፣ የቤታቸውን በር ዘጉ። "እንግዲህ የምሞተው አንቺ እጅ ላይ ነው" አሉኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ለአባቴ የገባሁትን ቃል የሞላሁ መሰለኝ።

ሲመጡ ዕቃቸውን ይዘው ነው የመጡት፤ አንዲት ድስት፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ። የጾም ዕቃ ነው፤ ሥጋ ከነካው የእኔ ዕቃ ጋር አይቀላቀልም። ይህን ማንም ያውቀዋል። የእናቴ ግን ከዚያም ይብሳል፤ ሳሙና አያስነኩትም።

"ሳሙና ሞራ አለበት ይላሉ" አሉኝ። "ይኑርበት አይኑርበት እሱ ባለቤቱ ያውቃል። የጾም ዕቃ ግን በሞራ አይታጠብም።"

"በምን ሊያጥቡት ነው ታዲያ?"

"በአመድ ነዋ!"

ከምድጃው አመድ ዝቀው፣ በነጠላ ቁራጭ ነፍተው፣ በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው ሲንኩ አጠገብ አኖሩት። በእርጥብ ጨርቅ ቆንጠር እያደረጉ ሲያሹት ድስታቸው ከሲንኬ ይበልጥ ያበራል። መጀመሪያ ቀን ውሃው እየተሽከረከረ ሲወርድ አጎንብሰው አዩና "ወዴት ነው የሚሄደው?" አሉ። ወደ ጉድጓድ ነው አልኳቸው። "በራሱ?" በራሱ። "ጉድ እኮ ነው" ብለው ሳቁ። ከወደቁ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

እንዲህ ሆነን የነቢያትን ጾም ጾምን። ለገና በግ አሳረድኩ። ከገና በኋላ ሲንኩ ሰነፈ። ውሃው ቆሞ ያስባል፣ ያስባል፣ ከዚያ እንደምንም ይወርዳል። በሳምንቱ ጭራሽ ቆመ።

ያኔ ለሌላ ሥራ ከተማችን የመጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ለምኜ አስመጣሁት። ካቻቢቴውን ከኪሱ አላወጣም። ከሲንኩ አጠገብ ያለችውን ጣሳ አየ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸተተ።

"ይሄ አመድ ነው?"

"አዎ፣ የእናቴ ነው።"

"በቃ! አመድ ቱቦ ውስጥ ከገባ ሲሚንቶ ነው የሚሆነው።"

ሽቦ ሰደደና ትንሽ ጎረጎረ፤ የፈላ ውሃ አምጪ አለኝ፣ አፈሰሰበት፤ ወረደ። "በየጊዜው የፈላ ውሃ አፍሺበት፤ አመዱን ግን አስተያቸው" ብሎኝ ሄደ። እኔም ማመን! ባለሙያ ተናገረ አይደል? እናቴ ከዚያው ምድጃ አጠገብ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይዘው ይሰሙ ነበር። ከዚያ በኋላ አመዱን በጣም ጥቂት ጥቂት ነበር የሚነኩት፤ እኔም በልቤ "ይኸው፣ ገባቸው" እላለሁ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ሁለት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ሲንኩ እንደ ወንዝ ፈሰሰ። የሠራተኛው ምክር ሠራ አልኩ። ሞኝ!

የፋሲካ ዕለት የመሥሪያ ቤት ሰዎች ጠራሁ፣ አለቃዬም መጣ። ለበዓሉ ሙክት አሳርጄ ነበር፤ ላቱ ብቻውን አንድ ሳፋ ሞላ። ቅቅሉ ሲወጣ መረቁ ላይ የተንሳፈፈውን ስብ ባያችሁት። ድስቱን ጠጋ አድርጌ፣ የፈላ ውሃ ሞልቼበት፣ ያን ሁሉ ቅባት ወደ ሲንኩ ለቀቅሁት። ሙቅ ውሃ አፍሺ ተብያለሁ እኮ! ቅባቱ ቀልጦ ጥርግ ብሎ ሲሄድ ሙያዬን አደነቅሁ። በማግስቱም ሌላ እንግዳ፣ ሌላ ድስት፣ ሌላ የፈላ ውሃ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎችም ዳግም ትንሣኤ እሑድ ሊጠይቁኝ ተመለሱ።

ይኸን ቀን ነው የማልረሳው። በማስታጠቢያ ማስታጠብ ስችል፣ ሲንኬን ላሳይ ብዬ እንግዶቹን አንድ በአንድ ወደ ሲንኩ ወሰድኳቸው። ሦስተኛው ሰው ሲታጠብ ውሃው ቆመ። አራተኛው አለቃዬ ነበር። ከታች ገር ገር የሚል ድምፅ መጣና፣ ያ ግራጫ፣ ሽንኩርትና እንጀራ የተንሳፈፈበት እድፍ ተመልሶ ሲንኩን ሞላ፤ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ፈስሶ አለቃዬ ጫማ ላይ አረፈ። አንዱ ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈትልኝ እገባ ነበር። መሬት አልተከፈተችልኝም፤ የተከፈተው አፌ ነው።

"እማዬ! ቤቴን በአመድ ደፈኑብኝ እኮ! ከሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው የመጡት? የገጠር ልማድዎን እዚያው ገጠር ቢተዉት ምን ነበረበት?"

እርስዎ እያልኩ ነው የሰደብኳቸው። በአክብሮት። አንቺ ማለት ነውር ነዋ!

እናቴ ከመደቡ ተነሱ። "ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ። ከዚያ ጨርቅ ፈልገው አመጡና በዚያ በተመታ ዳሌያቸው ወለሉ ላይ ተንበርክከው ውሃውን መጥረግ ጀመሩ። እኔ ቆሜ አየሁ። "ይነሱ" አላልኳቸውም። ከእንግዶቹ አንዷ "ኧረ እማሆይ ይተዉት፣ እኛ እንጠርጋለን" አለች፤ እኔ ግን ዝም። ይቺን ዝምታዬን እስከ ዛሬ ድረስ ምን ላድርጋት?

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የአመዱ ጣሳ ሲንኩ አጠገብ የለም። በመስኮት ሳይ እናቴ ከአጥሩ ሥር ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ አጠገብ ተቀምጠው፣ በጀሪካን ውሃ ይዘው፣ በማለዳ ብርድ ሳህናቸውን ያሻሉ። ሲንኩን ሰው ለምኜ በሽቦና በፈላ ውሃ አስከፈትኩት፤ እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣታቸውን እንኳ ከሲንኩ ውስጥ አልነከሩም። ሲበሉ ደጅ ይታጠባሉ፤ ሲጸልዩ ደጅ ይታጠባሉ። እልህ መሰለኝ። "አይ ነገረኛነት፣ ጎረቤት እንዲያይልዎት ነው" እላለሁ በሆዴ። ጎረቤትም አላሳፈረኝም፤ አንዷ "እማሆይን ደጅ ነው እንዴ የምታሳጥቢያቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ደግሞ እራት ሳላቀርብላቸው ተኛሁ፣ እንዲህ ነበርኩ።

ሰኔ ላይ እናቴ "ለሚካኤል ደርሼ ልምጣ" አሉኝ። የገጠሩ ደብር የሰኔ ሚካኤልን ያነግሣል። በፈረስ ላኳቸው። ሳህን፣ ኩባያ፣ ድስት ሦስቱንም አንጠልጥለው ሄዱ። ለአንድ በዓል ድስት ይዞ የሚሄድ ማን አለ? አይቻለሁ፤ እንዳላየ ሆንኩ። ሳይመለሱ ክረምቱ ገባ። ሰው ብልክባቸው፣ "ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከመነኮሳቱ ጋር ጎጆ ሰጥተውኛል፤ ዳሌዬ መንገድ አልችል አለኝ በሏት" ብለው መልሰው ላኩብኝ። እኔም ደስ አይበለኝ እንጂ ቀለል አላለኝም አልልም። ውሸት ምን ያደርግልኛል።

በፍልሰታ ጾም ሲንኩ ጥሩ ሠራ። ለዚያች ለጎረቤቴ "ይኸው! አመዱ ሄደ፣ ቱቦው ዳነ" አልኳት። ለመስቀል ሰነፈ። የድሮ አመድ ነው አልኩ። ለገና ቆመ። ለዚያ የቧንቧ ሠራተኛ ብደውል ስልኩ አይነሳም። ከገና በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጓንት አጠለቅሁና "እስቲ ይህን አመድ በእጄ ላውጣው!" ብዬ ከሲንኩ ሥር ገባሁ።

ከሲንኩ ሥር ያለችው ጠማማ ቱቦ፣ ሲፎን የሚሏት፣ በእጅ የምትፈታ ናት፤ ይህን ሳላውቅ ስንት ጊዜ ሰው ለምኛለሁ። ባልዲ ከሥሯ አደረግሁ፣ ቀለበቷን በጨርቅ ይዤ አዞርኳት። ውሃው ዥው ብሎ ባልዲው ውስጥ ገባ። ውስጧ ትንሽ ዝቃጭ፣ የምስር ፍሬ፣ የፀጉር ጉንጉን። ፀጉሩ የእኔ ነው፤ እናቴ ቆብ ሥር የተላጩ ናቸው። አመድ የለም። "ወደ ውስጥ ገብቷል" አልኩ። ሽቦ በግድግዳው ቱቦ ሰደድኩ፤ ሄደ፣ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሽቦውን ምልክት አድርጌበት አወጣሁትና በግቢው መሬት ላይ ዘረጋሁት፤ የቆመው ከግድግዳው ውጭ አራት እርምጃ ላይ ነው፣ ጥላው ቀኑን ሙሉ ከማይለቀው ከቤቱ ጀርባ። ጠዋት ጠዋት ውርጩ እስከ ሦስት ሰዓት የማይረግፍበት ቦታ ነው።

ዶማ አመጣሁ። ቱቦውን ሲቀብሩት ከሁለት ስንዝር በላይ አልቆፈሩም፤ ወዲያው አገኘሁት። መገጣጠሚያውን መታ መታ አድርጌ አላቀቅሁትና አንዱን ቁራጭ ብድግ ሳደርገው ከበደኝ። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁ። ነጭ ነው። ከአፍ እስከ ገደፉ ድርቅ ያለ ነጭ ነገር ሞልቶታል፣ እንደ ሻማ። በዱላ ገፋሁት፤ ክንድ የሚያክል ሆኖ ወጣና አፈሩ ላይ ወደቀ። በቢላ ሰነጠቅሁት። አሸተትኩት። የሙክት ላት ነው!

አመድ ፈለግሁ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ተንበርክኬ አመድ ፈለግሁ! ነጩን እየቆራረስኩ፣ በጥፍሬ እየፋቅሁ፣ አንዲት ግራጫ መስመር ብትገኝ ብዬ፣ አንዲት ብቻ፣ ትንሽ ቀና የሚያደርገኝ ነገር። የለም። የተነፋ አመድ ውሃ ይዞት ይሄዳል፤ እናቴ የሚነፉት ለዚህ ነበር ለካ። ቅባት ነው እንጂ ሙቅ ውሃ ላይ ቀልጦ፣ ዓይኔ ሥር ጥርግ ብሎ የሚሄደው፣ ሄዶም ውርጩ ሥር ሲደርስ የሚረጋው። በፈላ ውሃ ባባረርኩት ቁጥር ከእኔ ራቅ ብሎ፣ ከእኔ ተደብቆ ድንጋይ ሆነ።

አፈሩ ላይ ተቀመጥኩና በጣቴ ቆጠርኩ። የነቢያት ጾም፣ ፈሰሰ። ገና፣ ቆመ። ሁለት ወር ዐቢይ ጾም፣ እናቴ በየቀኑ አመድ ይዘው፣ ፈሰሰ። ፋሲካ፣ ቆመ። ፍልሰታ ፈሰሰ፣ መስቀል ሰነፈ፣ ገና ቆመ። የቄስ ልጅ ነኝ! ጾምና ፍስክ ከፊደል በፊት የተማርኩ ሰው ነኝ። ማንም ሳይነግረኝ ላውቀው ይገባኝ ነበር። በቤቴ ውስጥ ቅባት ያልነካ አንድ ሰው ነበር፤ በቅባት የከሰስኩት እሱን ነው። ወይ ነዶ!

በማግስቱ ገጠር ወረድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስገባ አንዲት መነኩሲት አሮጊት ከጎጆአቸው ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

"ውይ! ያቺ ባለ ሲንኳ ልጅ ነሽ? እናትሽ እኮ ሁልጊዜ ነው የሚያወሩን። 'ልጄ ቤት ውሃው በራሱ ይሄዳል፣ ጎንበስ ማለት የለም፣ እንደ እመቤት ነበር ያኖረችኝ፤ ዳሌዬ መንገድ አልችል ብሎ ነው እንጂ' ይሉናል።"

ጎንበስ ብዬ እጃቸውን ሳምኩ።

እናቴ ጎጆ ውስጥ ነበሩ፤ ከስተዋል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ቱቦውን እንደፈታሁት፣ ያገኘሁትን፣ አንድም አመድ እንደሌለ፣ ጥፋቱ የላቴ እንደሆነ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አደረጉ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ያውቃሉ?"

"ስታፈሺው አየሁ እኮ። ለእኛ ለማንቀምሰው ሽታውም ከሩቅ ይመጣል። ቅባት ደግሞ ብርድ ሲያገኘው እንደሚረጋ ማን ያጣዋል?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ እማዬ? ያን ሁሉ ስድብ!"

"አለቃሽ ፊት ነበር" አሉ። "ቆይቼ ልነግርሽ ነበር። ማታ ስታኮርፊ፣ ጠዋት ስታኮርፊ፣ ፊትሽ አልፈታ አለ። ከዚያ ደግሞ ሳስበው፣ የሚያስጠላሽ አመዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ፣ እሱን መለየት አቃተኝ።"

እኔም ያን ጊዜ አልለየሁትም ነበር።

እንመለስ ብዬ ለመንኩ። አለቀስኩ፣ እንደ መጀመሪያው። "ለጥምቀት እመጣለሁ፣ አድሬ እመለሳለሁ" ብቻ አሉኝ። ጥምቀት እስኪደርስ ቱቦውን አዲስ አስገጠምኩ፤ አይደለም፣ ራሴ ገጠምኩት፣ ጠለቅ አድርጌ ቀበርኩት። ሞራዬን በቆርቆሮ እያረጋሁ ለውሻ ማውጣት ጀመርኩ። አመድ ነፍቼ፣ በዚያችው በትንሿ ጣሳ አድርጌ፣ ሲንኩ አጠገብ አኖርኩ።

መጡ። ታቦት ሸኝተን ገባን፤ ሽሮ በዘይት ሠርቼ፣ በሳህናቸው አቀረብኩ። በሉ፣ መረቁኝ። ከዚያ ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ። ሲንኩ ዘንድ ሲደርሱ ጣሳዋን አዩዋት፤ "አመዱን ደህና አድርገሽ ነፍተሽዋል" አሉኝ። ቆንጠር አድርገው በጨርቃቸው ላይ አደረጉ፣ ጀሪካኑን በሌላው እጃቸው አነሡ፣ እያነከሱ በሩን ከፍተው ወጡ።

"እማዬ፣ እዚህ ይታጠቡ እንጂ! ደኅና ሆኗል፣ ራሴ ነው የሠራሁት!"

"ይሁን ልጄ፣ አንቺ ታጠቢበት" አሉ ከውጭ። "እኔ ለምጄዋለሁ።"

በመስኮት አየኋቸው፤ ከድንጋይዋ አጠገብ እየተደገፉ ተቀመጡ። እኔ ሲንኩ አጠገብ እንደቆምኩ ቧንቧውን ከፈትኩት። ውሃው ምንም ሳይቆም ወረደ። በማግስቱ ጠዋት በፈረስ መለስኳቸው።